ጀርባዋን ለመብረቁ የሰጠች

እናቴ ግድግዳ ስታይ ነው ያደግኩት። ሰው ሁሉ መብረቅ ሲያይ እሷ ግድግዳ። ይህን የማወራው ለማሳዘን አይደለም፤ እኔ ሰው ማሳዘን አልወድም፣ አዛኝ ሲበዛ ሥራ ይቆማል። የማወራው ያኔ ለእኔ የታየኝ ሌላ፣ ነገሩ ደግሞ ሌላ ስለነበረ ነው።

አባቴ ዲናሞ ጠምጣሚ ነበር። የተቃጠለ ሞተር ተሸክመው ያመጡለታል፤ ሆዱን ከፍቶ፣ የከሰለውን ሽቦ እንደ አንጀት ጎትቶ አውጥቶ፣ አዲሱን ይጠመጥምበታል። በጋራ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። በአንደኛው እንተኛለን፣ በሌላው እሱ ይሠራል። የመሥሪያ ክፍሉ ሁልጊዜ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ከፀጉር የቀጠነ መዳብ ሽቦ በጥቅል በጥቅል ይቀመጣል፤ እኔ ወርቅ ይመስለኝ ስለነበር ሀብታሞች ነን ብዬ በየቤቱ አወራ ነበር። የአባቴ ግራ እጅ ላይ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። እሱም ሲፈጠር እንዲያ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ። ልጅ ያገኘውን ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲያው የነበረ ያደርገዋል።

በዚያ ሽቦ ነው አውሬውን የሠራው። ዛሬ የልጅ ልጆቼ «ቴስላ ኮይል» ይሉታል፤ ስሙን እንደ ከረሜላ አፋቸው ውስጥ ያገላብጡታል። በእኛ ግቢ ግን ስሙ «አውሬው» ነበር። ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ቱቦ፣ ከላይ እስከ ታች በቀጭኑ ሽቦ ተጠምጥሞ፣ አናቱ ላይ ሁለት የብረት ሳህኖች አፍ ለአፍ ተገጥመው። ከጎኑ የጨው ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች፣ ከዚያም ከአሮጌ የሱቅ ማስታወቂያ መብራት የተነቀለ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ ትራንስፎርመር። ያ ሁሉ ሲበራ ከአናቱ ላይ ሐምራዊ መብረቅ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ክፍሉ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚሸተውን ሽታ ይሸታል፤ ጆሮ ይደነቁራል። አባቴ ይህን ሁሉ የደከመው ቲያትር ቤቱ ለመድረክ እውነተኛ መብረቅ ይፈልጋል የሚል ወሬ ሰምቶ ነው። ሞተር የሚያስጠግን ሰው እየጠፋ ነበርና መላ ያስፈልገው ነበር።

አውሬው መጀመሪያ የነከሰው አከራያችንን ነው። ሴትዮዋ የግቢውን ቁልፍ ሁሉ በወገቧ አንጠልጥላ ስለምትዞር «እትዬ ቁልፍ» እንላታለን። ሳትታይ ድምፅዋ ይደርሳል። ዘመኗን ሁሉ የጋራው ቧንቧ አጠገብ ቆማ «ውሃ አታፍሱ! ባልዲ አታቆዩ!» ስትል የኖረች ናት። ያን ዕለት አባቴ ከውስጥ አውሬውን አበራ፤ ከውጭ ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንወጣ እትዬ ቁልፍ አንድ እጇን በሌላው ይዛ ቧንቧውን በዓይኗ ትገርፈዋለች።

«ነከሰኝ! ቧንቧው ነከሰኝ!»

እኔ ደስ አለኝ። ቧንቧው ስንት ዓመት ሲሰደብ ችሎ ኖሮ በመጨረሻ መልስ የሰጣት መሰለኝ። ቧንቧው ግን ፈራጅ አልነበረም። አባቴ የአውሬውን የታች ጫፍ ከውሃ ቧንቧው ጋር አስሮት ነበር። ወደ መሬት መውረድ የነበረበት ነገር ብረት ለብረት ተጉዞ የሴትዮዋን እርጥብ እጅ አገኘ።

እትዬ ቁልፍ በራችን ላይ ቆመች፤ ቁልፎቿ ይንቀጫቀጫሉ።

«ስማ አንተ፣ ጠምጣሚው! ከእንግዲህ አንድ ሰው፣ አንዲት ድመት እንኳን በእናንተ ጉድ ብትነከስ፣ ዕቃችሁን ከበር ውጭ ነው የምታገኙት። ቃሌ ቃል ነው!»

«እሺ እትዬ» አለ አባቴ።

«እሺ ብቻ?» አለችው እናቴ፣ ሴትዮዋ ዞር ስትል። «እሺ ብቻውን ቤት አያሳድርም። የቲያትር ቤቱ ሰው ሊያይ ይመጣል ብለሃል፣ ይምጣ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር እኔ እንዳልኩት ካልበራ አይበራም።»

እናቴ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሐሳቧ ግን እንደ ሚስማር የሆነ ሴት ነበረች። አንዴ ከገባ አይነቀልም።

በማግስቱ አባቴ ከግቢው እርጥብ ጥግ ላይ የመዳብ ዘንግ አቁሞ በመዶሻ ይደበድብ ጀመር። ዘንጉ ከእሱ ይረዝማል፤ ቀስ እያለ መሬት ዋጠው፣ ጫፉ ብቻ ቀረ። ከዚያ ጫፍ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ሽቦ ቀጥ ብሎ፣ ሳይጠማዘዝ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ አውሬው ገባ። እናቴም ጠዋት ጠዋት በጣሳ ውሃ እየወሰደች ዘንጉን ታጠጣለች። እኔ የተተከለ ነገር ውሃ ከጠጣ ይበቅላል የሚለውን አውቃለሁ። ስለዚህ የመዳብ ዛፍ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ልጅም አንድ ቅርንጫፍ ቃል ገባሁላት። እናቴ የምታጠጣው አፈሩ እንዳይደርቅ ነበር፤ ደረቅ አፈር የሚወርድበትን ነገር በደንብ አይቀበልም። ለአውሬው የግሉ መሬት ተሰጠው፣ ከቧንቧውም ተፋታ። እኔ ግን ዛፌን ጠበቅኩ።

ማታ፣ እራት በልተን እኔ የተኛሁ ሲመስላቸው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ይነጋገራሉ።

«ዓይንሽን ከግድግዳው ያነሳሽ ዕለት እኔ አለቀልኝ» አለ አባቴ።

«አላነሳም አልኩህ። አንተ ብቻ ያችን እጅህን ከኪስህ አታውጣ።»

«አላወጣም።»

«ትናንት አውጥተሃል።»

«ዝንብ መጥታብኝ ነው።»

«እንግዲያው ዝንቧ ትቅበርህ!»

ብርድ ልብሴን ነክሼ አዳመጥኩ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አባቴ እናቴን ቀና እንዳትል ከልክሏታል፤ ቀና ካለች ትዳሩ አበቃ። እሷ ደግሞ በኪሱ አንድ ነገር እንደደበቀ ደርሳበታለች። ጠዋት ሱሪውን ፈተሽኩት፤ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ትንሽ የሽቦ ቁራጭ፣ ሌላ ምንም። በጣም የተዋጣለት ደባቂ ነው አልኩ።

እኔ ራሴ ጠምጣሚ ከሆንኩ በኋላ ነው እጅ ለምን ኪስ እንደሚገባ ያወቅኩት። አንዱ እጅ ሲነካ ሌላው ኪስ ውስጥ ካለ፣ የሚነክሰው ነገር በደረት በኩል የሚሻገርበት መንገድ ያጣል። ኪሱ ባዶ ነበር። የደበቀው እጁን ነው።

ክፍሉም በዚያው ሰሞን ተለውጦ ነበር። አውሬው ከወዲያኛው ጥግ ቆመ። በፊቱ ገመድ ተወጠረ፤ ከገመዱ ወዲህ ለተመልካች አግዳሚ ወንበር። ከወንበሩ ኋላ፣ አባቴ አዲስ ኖራ የቀባው ነጭ ግድግዳ። በዚያ ግድግዳ ጥግ የእንጨት እጀታ ተተከለ፤ አባቴ ማብሪያውን ቢያበራም፣ እጀታው ወደ ታች ተጭኖ ካልተያዘ ተስፈንጥሮ ይነሳል፣ አውሬውም ይጠፋል። እናቴ እዚያ ትቆማለች። እጀታውን ትጫናለች፣ ጀርባዋን ለመብረቁ፣ ፊቷን ለግድግዳው ትሰጣለች። ሰው ሁሉ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» ሲል እሷ እንደተቀጣ ልጅ ኖራ ታያለች።

የሚያየው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን አባቴ ሲያሳያት ወደ ጥጉ ዞር ብላ «እሷ ምን አጥፍታ ነው?» ብላ ሳቀች። ሰዎችም ሳቁ። እናቴ አልዞረችም። እኔ ግን ፊቴ ነደደ። በዚያች ሰዓት ወሰንኩ፤ እናቴን ከዚያ ጥግ አወጣታለሁ፣ እንደ ሰው ከፊት ተቀምጣ መብረቅ ታያለች። በማግስቱ አውሬው ከመብራቱ በፊት ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት።

«እማዬ፣ ነይ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ!»

«ዞር በይ!»

«እሱን አትፍሪው! እኔ አለሁልሽ!»

ያኔ አየችኝ። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። «አንቺ ካለሽልኝማ ምን አጣሁ» አለችና በትከሻዬ ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ። «ተቀመጪ። እግርሽ ገመዱ ጋ እንዳይደርስ።»

ተቀመጥኩ፤ ሐሳቤን ግን አልተውኩም። ግትርነቴ የማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል።

የቲያትር ቤቱ ሰው ከሰዓት በኋላ መጣ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ረጅም ጥቁር ጃንጥላ ይዟል፤ ጫፉ ብረት፣ እሱም ራሱ እንደ ጃንጥላው የተወጠረ። እትዬ ቁልፍ ሳትጠራ ገብታ አግዳሚው መሀል ተቀመጠች፤ ቃሏን ልታስጠብቅ ነው የመጣችው። ልብስ ሰፊዋም መጣች። አባቴ መስኮቱን በጆንያ ጋረደ፣ ሽታው እንዲወጣ ግን ከላይ ክፍት ተወ። ከዚያ ድምፁን አጠራ።

«ማንም ገመዱን አያልፍም። ሰዓት፣ ሬዲዮ ያለው ደጅ ያስቀምጥ። ሰው ከተነሳ አውሬው ይጠፋል።»

«ትምህርት ቤት ነው እንዴ የመጣነው?» አለ ባለጃንጥላው።

«እንዲያውም ትምህርት ቤት ይሻላል፣ እዚያ ደወል አለ» አለችው እትዬ ቁልፍ። «እኔን ያለ ደወል ነው የነከሰኝ።»

አባቴ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ጥጉ ተመለከተ። «ላብራ?»

«አብራ» አለች እናቴ፣ ለግድግዳው።

አውሬው አገሳ። መብረቁ ከሳህኖቹ ላይ ወጥቶ አየሩን ይልስ ጀመር፣ ይዘረጋል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይወለዳል። ያየሁት ስንት ጊዜ ቢሆንም አፌን ከፈትኩ። ባለጃንጥላውም ከፈተ። ያ የተወጠረ ሰው እንደ ልጅ ሆነ፤ ከወንበሩ ተነሳ፣ ማንንም አላየም፣ አንድ እግሩን ከገመዱ በላይ አሳለፈ፣ ጃንጥላውን ወደ መብረቁ ቀሰረ። መብረቁ ወደ ብረቱ አንገቱን ሲመዝ አየሁት።

ጨለማ ሆነ። ግሳቱ ተቋረጠ።

«ማነው ያጠፋው?» አለ ባለጃንጥላው በጨለማ ውስጥ።

አባቴ ጆንያውን ገለጠው፤ ብርሃን ገባ። እጀታው ተነስቷል። እናቴ ከእጀታው ሥር ቆማለች፤ አሁን ዞራለች። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ዓይኗን ከግድግዳው አነሳች። ሥራውም ሄደ፣ ቤቱም ሄደ፣ ትዳሩም ሄደ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች እናቴ።

«በመሀል? ገና ሳይጠገብ?»

«ገመዱን አልፈዋል።»

«በጀርባሽ ዓይን አለሽ እንዴ አንቺ ሴትዮ?»

«የእኔ ዓይን ቦታው ላይ ነው። እርስዎ እግርዎ የት እንዳለ ይዩ።»

ሰውየው ወደ ታች አየ። አንድ እግሩ ከገመዱ ወዲያ ነበር። ፊቱ ቀላ። ወደ አባቴ ዞረ።

«እኔ መብረቅ ለማየት ነው የመጣሁት፣ የሚስትህን ቁጣ ልሰማ አይደለም። ሥራውን ከፈለግክ እጀታውን ራስህ ያዝና አብራ።»

አባቴ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ያ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው እኔ እንኳን አውቃለሁ፤ የመጨረሻውን ሞተር ካስረከበ ሰንብቷል።

«እጀታው የእሷ ነው» አለ። «እሷ አይበራም ካለች አይበራም። ሥራው በዚህ የሚቀር ከሆነ ይቅር።»

የሚለው ነገር አልገባኝም። ሲቀጣት የኖረ ሰው ምን ነክቶት ነው?

እናቴ ወደ ባለጃንጥላው እጇን ዘረጋች። «ጃንጥላዎን ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ሊያደርጉ የነበረውን ላሳይዎት።»

«ጃንጥላው አዲስ ነው!»

«እርስዎስ፣ ትርፍ አለዎት?»

እትዬ ቁልፍ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ቁልፎቿ ተንቀጫቀጩ። ሰውየው ጃንጥላውን ሰጠ። አባቴ መጀመሪያ የሽቦ ጫፍ የታሰረበት ረጅም ደረቅ እንጨት አንስቶ ጠርሙሶቹን ነካ፤ «ጧ!» አለ፣ ሁላችንም ዘለልን። «ጠርሙስ ቂም ይይዛል» አለ አባቴ። «አውሬው ከጠፋም በኋላ ንክሻው ውስጡ ይቀራል፤ ጠፋ ተብሎ አይታመንም።» ከዚያ ጃንጥላውን ሰውየው ቆሞበት በነበረው ቦታ ወንበር ላይ አሰረው፣ ጫፉን ወደ አውሬው አዞረ፣ የጃንጥላውን መያዣ በሽቦ ከመሬቱ ዘንግ ጋር አገናኘው። ሁላችንም ከገመዱ ወዲህ ተቀመጥን። እናቴ ተመልሳ ፊቷን ለግድግዳው ሰጠች።

«አብራ።»

መብረቁ እንደ ቅድሙ አየር አልላሰም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ብረቱን ነከሰው፣ ያዘው፣ አልለቅም አለ። ድምፁም ተለወጠ፤ ከመንጣጣት ወደ ጅራፍ። የጃንጥላው ጨርቅ ጨሰ፣ ክብ ቀዳዳ በዳር በዳሩ እየቀላ ተከፈተ። እናቴ ለቀቀችው። ጭስ ብቻ ቀረ።

ባለጃንጥላው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሲናገር ለአባቴ አልነበረም።

«መድረክ ላይ ተዋንያን አሉ። ይሮጣሉ፣ ይረሳሉ።»

«ገመድ ይኖራል» አለች እናቴ። «ኋላቸው ነጭ ግድግዳ ይኖራል። የራሱ ዘንግ መሬት ይገባል፣ ከቲያትር ቤቱ ቧንቧ ጋር እንዳታገናኙት። እጀታውን እኔ እይዛለሁ። አንዷ ከጎደለች አውሬው ከዚህ አይንቀሳቀስም።»

«እሺ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ጃንጥላውስ?»

«ለፀሐይ ይሆንዎታል» አለች እትዬ ቁልፍ። ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ አባቴ ዞረች፤ «ዛሬ ማንም አልተነከሰም። ኖራውን ግን ሳታስፈቅደኝ ነው የቀባኸው!» ብላ ወጣች። ቤቱ የእኛ ሆኖ ቀረ ማለት ነው፤ ከእሷ አፍ ከዚህ በላይ ምርቃት አይወጣም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እኔ አልቻልኩም። ፈነዳሁ።

«አባዬ፣ እማዬን ለምን ትቀጣታለህ? ለምን ግድግዳ ታሳያታለህ? እሷም ሰው ናት! እሷም መብረቅ ማየት ትፈልጋለች!»

ሁለቱም ተያዩ። አባቴ ጆንያውን መልሶ ጋረደው። እናቴ እጄን ያዘችና ወደ ጥጉ ወሰደችኝ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ዞረሽ እንዳታይ። ግድግዳውን ብቻ። ምን ታያለሽ?»

እጀታውን ተጫነች። ከኋላዬ አውሬው አገሳ፣ ነጩ ግድግዳ ሐምራዊ ሆነ። ግድግዳው ላይ አግዳሚው ወንበር በጥላ ተቀምጧል፣ አጠገቡ አባቴ በጥላ ቆሟል። አባቴ ከወንበሩ ተነጥሎ ወደ ገመዱ አንድ እርምጃ ሄደ። ጥላው አበጠ። ሌላ እርምጃ፤ ጥላው ጣሪያ ደረሰ። እናቴ ለቀቀችው።

«የሚያድግ ጥላ ካየሽ፣ አንድ ሰው ወደ እሳቱ እየቀረበ ነው» አለች። «መብረቁን የሚያይ ሰው እጁን ይረሳል። የአባትሽን ጣቶች ያበላሸው ድሮ በሌላ ማሽን ማብሪያውን የያዘለት ጓደኛው ነው፤ ብልጭታውን ሲያይ፣ አፉን ከፍቶ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማን ደፍሮ ይቀጣኛል?»

አፈርኩ። ካፈርኩም በኋላ ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም። ጥላ ጥላ ነው፣ መብረቅ መብረቅ ነው።

«ግን አይተሽው አታውቂም» አልኳት።

አባቴ ጉሮሮውን አጠራና ወደ ጥጉ መጣ፣ እጀታውን ያዘ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሂጂ፣ ቁጭ በይ» አላት። «ሁለታችሁም። እግራችሁ ገመዱ ጋ እንዳይደርስ።»

«ትዞራለህ» አለችው።

«አልዞርም።»

«ዝንብ ብትመጣስ?»

«አልዞርም አልኩሽ!»

እናቴ ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ጠርዙ ላይ፣ ልትነሳ እንደተዘጋጀ ሰው። የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ ነበር። አባቴ እጀታውን ተጫነ።

እኔ መብረቁን አላየሁም፤ እሷን ነው ያየኋት። ፊቷ ሐምራዊ ሆነ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ሆነ። አፏ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጨርቁ ከእጇ ወድቆ እግሯ ሥር ቀረ፣ አላወቀችም። እንደዚያ እጇን የረሳች እናቴን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

አባቴ ለቀቀው። ጨለማ ውስጥ ሦስታችንም ባለንበት ቆየን፤ ጆሯችን ይጮሃል።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች እናቴ። «እኔማ ስንት ጉድ መስሎኝ!»

አባቴ ከግድግዳው ሳይዞር «ምን ጠብቀሽ ነበር ታዲያ?» አላት።

ተነስታ ጆንያውን ትገልጣለች፣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሳችም። እንዲያውም ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ገባ ብላ ተመቻችታ ተቀመጠች፣ እኔንም ወደ ጎኗ ሳበችኝ።

«ድገመው» አለች።